ቀጠሮ አልቀበልም ያሉት እትዬ አሰገደች

«እኔ ልሙት!» ብዬ ደረቴን ስደቃ ነው ነገር የተበላሸው።

ሁለት ፈረንጅ ሴቶች ከልጆች ጉዳይ ነው የመጣነው ብለው ቤቴ ገብተዋል። ቤቴ ስል ቤዝመንት ነው፤ እዚህ ካልጋሪ፣ ሳቫና የሚባለው አዲስ ሰፈር፣ የሰው ቤት ሥር። ልጄ ናርዶስ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሶፋው ጥግ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። ከሴቶቹ አንዷ፣ ባለ መነጽሯ፣ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ድምፁን ከፍ አደረገችው። ስልኩ ውስጥ አስተርጓሚ አለ። በድምፁ ልጅ እግር ነው፤ አማርኛው ይኮላተፋል፣ እዚሁ ያደገ ይመስላል።

«ለልጅሽ እሞታለሁ ብለሻታል ወይ ይሉሻል» አለኝ።

«በስመ አብ! ማነው እንዲህ ያለው?»

«ልጅቷ ናት ለቲቸሯ የነገረቻት። ካልበላሁ ማሚ ትሞታለች ብላለች።»

ምግብ አልበላም ብላ ስታስቸግረኝ የምለምናት ልመና ነው እኮ። «ስሞት ብዪ፣ ስሞት ይቺን ብቻ» እላታለሁ። የማትል እናት የት አለች? ያንን ላስረዳ ስል አፌ ተሳሰረ። ልጄን እንደምወዳት ይግባቸው ብዬ «እኔ ልሙት! አፈር ልሁን! ልጄን በክፉ ዓይን አይቻት አላውቅም!» እያልኩ ደረቴን ደቃሁ።

ስልኩ ውስጥ ያለው ልጅ በእንግሊዝኛ ተናገረ። የኔ እንግሊዝኛ የሥራ ቦታ እንግሊዝኛ ነው፤ ግን «ሺ ዋንትስ ቱ ዳይ» ሲል ጥርት አድርጌ ሰማሁት። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ያንን አስተያየት አልረሳውም፤ ሐኪም ክፉ በሽታ ሲያገኝ ነርሷን የሚያያት አስተያየት ነው። አደጋ ላይ መሆኔ የገባኝ ያኔ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በደንብ አልሰማሁትም። እነሱ ይናገራሉ፣ ልጁ ይተረጉማል፣ እኔ እሺ እላለሁ። ለጥቂት ጊዜ ብቻ… «እሺ።» ደህና ሰዎች ዘንድ… «እሺ።» አንቺም ሐኪም እስኪያይሽ… «እሺ።» በእኛ አገር እሺ ማለት ሰማሁ፣ ቀጥል ማለት ነው። የመንግሥት ሰው ሲናገር አፍ ዘግቶ የሚሰማ ማን አለ? እነሱ ግን እሺዬን ይዘው ልጄን አስነሷት። ሮዝ ጃኬቷን ራሷ ቆለፈች። ከከተማው ወጣ ብሎ ኦኮቶክስ የሚባል አገር፣ ፎስተር ከሚሏቸው፣ የሰው ልጅ በአደራ ከሚያኖሩ ሰዎች ቤት ነው የወሰዷት።

በሩ እንደተዘጋ የደወልኩት ለእትዬ አሰገደች ነው። ለቅሶዬን ሰሙ። ምን ሆንሽ አላሉኝም። የጠየቁኝ አንድ ነገር ነው።

«ቀጠሮ ሰጡሽ?»

እትዬ አሰገደች ካረፉ ዓመት ሊሞላ ነው። የሳቸውን ነገር ሳልጽፍ ብሞት ይቆጨኛል፤ ይኸው ደግሞ ሞት አልኩ፣ ምላሴ መች ይማራል። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። እንደማወራው ነው የምጽፈው፤ ታገሡኝ።

የቀብራቸው ዕለት እንኳ አስቀውኛል። ቀብሩን የሚያስፈጽሙት ሰዎች ለሐሙስ ብለው ነበር፤ በረዶ ጣለና ለቅዳሜ አዛወሩት። እንባዬን እየጠረግኩ «ይኼን ቢሰሙ ከሳጥኑ ተነሥተው በእግራቸው ይሄዱ ነበር» አልኩ። አጠገቤ የቆመች ሴት አበደች ወይ ብላ ገላመጠችኝ። የሚያውቋቸው ግን አፋቸውን ይዘው ሳቁ።

እትዬ አሰገደች ቀጠሮ የሚባል ነገር አይቀበሉማ! ቃሉንም ያነሡት እንደሆነ እንደ ስድብ ነው።

ረጅም ናቸው፣ ቀጠን ያሉ። ክረምት ከበጋ አንድ ቀይ የወንድ ጃኬት ነው የሚለብሱት፤ ከሩቅ ሲመጡ እሳት ሊያጠፉ የሚሮጡ ይመስላሉ። ስለ ሕግ፣ ስለ ዳኛ፣ ስለ ጠበቃ ወሬ የተነሣ እንደሆነ ቀኝ መዳፋቸውን ይዘረጉና ዱቄት እንዳለበት ሁሉ «እፍ!» ይሉበታል። በቃ። ሌላ አስተያየት የላቸውም።

አንድ ጊዜ ኢንተርናሽናል አቬኑ ላይ ካለ ክሊኒክ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። እንግዳ የምትቀበለው ልጅ «አፖይንትመንት አለሽ ወይ?» አለቻቸው።

«ኖ አፖይንትመንት» አሉ እትዬ። «አይ ሲት።»

ሄደው ተቀመጡ። ልጅቷ ብትለፈልፍ፣ ስልክ ቁጥር ብትጽፍላቸው፣ ሌላ ቀን ብትላቸው፣ «አይ ሲት» ነው መልሱ። ሰው ሁሉ ገብቶ ወጣ፤ መጨረሻ ላይ ሐኪሙ ራሱ መጥቶ ወሰዳቸው። ኋላ ኋላ ልጅቷ ለመደቻቸውና ገና በር ሲከፍቱ «ጉድ ሞርኒንግ፣ አይ ሲት!» ትላቸው ጀመር። ስማቸው የመሰላት ይመስለኛል።

የተዋወቅነው በሥራ ነው። ኤርፖርቱ አጠገብ የአውሮፕላን ምግብ ከሚታሸግበት ቤት አንድ ሺፍት ነበርን። ማሽኑ ትሪውን እየገፋ ያመጣዋል፤ እሳቸው ዳቦዋን ያስቀምጣሉ፣ እኔ ቅቤዋን። ያቺን በላስቲክ የተጠቀለለች ድብልብል ዳቦ ጭብጦ ነው የሚሏት። ስኳር ስላለባቸው ድንገት ያንቀጠቅጣቸዋል፤ ስለዚህ የተረፈውን ውሰዱ ሲባል ከቀዩ ጃኬት ኪስ ጭብጦ አይጠፋም።

አንዲት አብራን የምትሠራ ልጅ አንድ ቀን ስለ ሆነ ነገር ስታወራ «መቼም በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ብላ ተረተች። እትዬ እጃቸው ዳቦ ላይ እንዳለ ቀና አሉ።

«ይኼን ተረት ማን እንዳወጣው ታውቂያለሽ?»

«ማን ነው?»

«በቅሎዋን የወሰዳት ሰውዬ!»

ስንስቅ ስንት ትሪ ያለ ዳቦ አለፈን። ሱፐርቫይዘሩ እየሮጠ መጣ።

እትዬ የሚቀልዱት ግን ቆስለው ነው። ባለቤታቸው አቶ ዘለቀ፣ አገር ቤት፣ በአጥር ወሰን ከጎረቤት ተጣልተው ነው የታሰሩት። ጎረቤትየው ሰው ነበረው። ዛሬ ዳኛው የሉም፣ ቀጠሮ። ዛሬ መዝገቡ አልተገኘም፣ ቀጠሮ። ዛሬ ምስክር ቀረ፣ ቀጠሮ። እትዬ በየቀጠሮው ስንቅ ቋጥረው ችሎት ደጃፍ ይውላሉ። በዚህ መሃል ሰውዬው እስር ቤት ታመው ሞቱ። ከተቀበሩ በኋላ ደግሞ መልክተኛ መጣ፤ አቶ ዘለቀ እንዲህ ባለው ቀን ይቅረቡ ይላል። እትዬ ጥቁራቸውን እንደለበሱ ሄዱ።

ዳኛው «ተከሳሽ የት አለ?» አሉ።

«ቀርቧል» አሉ እትዬ።

«የታለ?»

«ከእናንተ በላይ ካለው ዳኛ ፊት። እሱ ቀጠሮ አይሰጥም።»

አስወጧቸው። «ባሌን የገደለው ፍርድ አይደለም» ይሉኝ ነበር ዳቦዋን እያስቀመጡ። «ፍርድማ ቢፈረድበት እንዴት ደግ ነበር! የገደለው ቀጠሮ ነው።»

ይቺን የእሺን ነገር ደግሞ አስቀድመው ነግረውኝ ነበር። ሱፐርቫይዘሩ አንድ ቀን ላልሠራሁት ጥፋት ሲቆጣኝ እሺ እሺ እያልኩ ራሴን ስነቀንቅ አዩኝ። ሰውዬው ሲሄድ ጎኔን በክርናቸው ወጉኝ።

«አንቺ የሺ! እሺ አትበዪ። በዚህ አገር እሺ ማለት ፊርማ ነው።»

«ታዲያ ምን ልበል፣ እትዬ?»

«ዝም። ዝምታ አይፈረምበትም።»

ያን ቀን ሳቅኩባቸው። ልጄን ሲወስዷት ነው የገባኝ።

እንግዲህ ልጄን በወሰዱ ማግስት አገር ሁሉ መካሪ ሆነ። ቤተ ክርስቲያን ያለው ሰው «እሺ በያቸው፣ የመንግሥት ሰው አይጋፉትም» ይላል። ፕሮቴስታንቷ ጎረቤቴ እየጸለየች «ታዘዢላቸው እህቴ» ትለኛለች። መንግሥት የመደበልኝ ሎየር፣ ጠበቃ መሆኗ ነው፣ አለች፤ ወጣት ናት፣ ፈገግታዋ የሚያባባ። እሷም በስልክ አስተርጓሚ «መተባበርሽ ይታይልሻል፣ ተጨማሪ ጊዜ ሲጠይቁ እሺ በዪ» አለችኝ። እትዬ አጠገቤ ነበሩ።

«ኖ እሺ» አሏት።

«ሶሪ?»

«ኖ። እሺ።»

ስትሄድ መዳፋቸውን ዘርግተው «እፍ!» አሉባት። በዚህስ ተሳስተዋል። ያቺ ልጅ ደህና ሰው ነበረች፤ ኋላ በችሎት ለኔ ስትከራከር ጆሮዋ እስኪቀላ ነው። እትዬ ግን በነገረ ፈጅ ቤት ደግ ሰው አለ ቢሏቸው አይሰሙም።

ልጄን በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሰው አጠገባችን ተቀምጦ፣ አያታለሁ። ባዶ አልጋዋን ታቅፌ እየዋልኩ ያቺን ቀን ነው የምጠብቀው። በመጨረሻው ጊዜ ሙዝ ልጬላት አልበላም አለች። አፌ ሊያመልጠኝ ሲል ትንሽ እጇን አፌ ላይ ከደነችው።

«ማሚ፣ ያቺን ወርድ አትበያት» አለችኝ በሹክሹክታ። «እነሱ ይሰማሉ።»

ይሄ ነው ያመመኝ። ሰባት ዓመት የጎረሰችበትን ቃል ፈራችው። እኔም ፈራሁት። ለእትዬ ነገርኳቸው። ከዚያ «መቼ ነው የምትቀርቢው?» አሉኝ። ቀኑን ነገርኳቸው።

«እኔም እመጣለሁ።»

«እርስዎ? ፍርድ ቤት?»

«አምኜው መሰለሽ የምገባው? ጅብ ባለበት ጫካ ሰው ልጁን ብቻዋን ይሰዳል?»

የዕለቱ ዕለት ፍርድ ቤቱ አጠገብ ካለው ጣቢያ ከባቡሩ ሲወርዱ ቀዩ ጃኬት ከሕዝቡ መሃል ታየኝ። 

ችሎቱ ትንሽ ክፍል ናት። ዳኛዋ ሽበታም ሴት ናት። ባለ መነጽሯ ሶሻል ወርከር ከነጠበቃዋ በአንድ በኩል፣ እኔና ሎየሬ በሌላ በኩል። በዚህ ቀን አስተርጓሚው በስልክ አይደለም፤ አቶ ፍቃዱ የሚባል ከረባት ያሰረ ጎልማሳ አጠገቤ ተቀምጧል፣ አማርኛው የአገር ቤት አማርኛ። እትዬ ከኋላዬ አግዳሚው ላይ ናቸው። ሎየሬ ለምና ነው ያስፈቀደችላቸው።

የዚያኛው ወገን ጠበቃ ተነሥቶ ብዙ ተናገረ። ሎየሬ ተቃወመች። እሱ ደገመ። አቶ ፍቃዱ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «የሐኪሙ ሪፖርት አልደረሰም፣ ለሚቀጥለው ወር ቀጠሮ ይሰጠን እያሉ ነው» አለኝ።

 ዳኛዋ እስክሪብቶዋን አነሣች።

ለካ የአቶ ፍቃዱ ሹክሹክታ ከኋላ ይሰማል። ከዚያ ሁሉ እንግሊዝኛ መሃል እትዬ የሰሙት አንዲት ቃል ናት። አግዳሚው ሲንቋቋ ሰማሁ።

«በሕግ አምላክ!»

ክፍሏ ክው አለች። የሚጽፈው ሰው ጣቱ አየር ላይ ቀረ። ጥበቃው አንድ እርምጃ ተራመደና እሱም ቆመ። ዞር ስል እትዬ ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ እንደ ምሰሶ ቆመዋል። ያቺ እጅ ሁልጊዜ እፍ የሚሉባት እጅ ናት።

ዳኛዋ አልጮኸችም። ወደ አቶ ፍቃዱ ዞረች፤ ምንድን ነው የሚሉት ማለቷ ነው። አቶ ፍቃዱ ተነሣ፣ ተረጎመ። አልገባትም። ደግማ ጠየቀችው፤ እንድታስረዳኝ ፈቅጄልሃለሁ አለችው። ላብ አጠመቀው።

«በአገራችን» አለ፣ በእንግሊዝኛ እየተናገረ ለኔም በአማርኛ እየደገመልኝ፣ «ይህ ቃል ሲባል የሚሄድ ሰው ይቆማል። የሚማታም እጁን ያወርዳል። ሕፃንም ይበለው ሽማግሌ፣ የሰማ ይቆማል።»

«ታዲያ እኔም መቆም አለብኝ ማለት ነው?» አለች ዳኛዋ።

እትዬ «አንቺም!» አሏት።

አቶ ፍቃዱ ምራቁን ዋጠና በትሕትና ተረጎመው፤ እርስዎም ያለ ይመስለኛል።

ዳኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ቆሜያለሁ። ምንድን ነው የሚፈልጉት?»

«ቀጠሮ አልቀበልም። ጥያቄ ካላችሁ ይቺት እናቷ። ዛሬ ጠይቋት።» ብለው ተቀመጡ። «አይ ሲት» አሉ ደግሞ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

ዳኛዋ ወደኔ አየች። ፍርሃቴ ወደ ሌላ ነገር ሲለወጥ ተሰማኝ። ለአንድ ወር ልጄን ልትወስዱ? በአንድ ቃል? እሺ አልልም አልኩ በልቤ።

«እናቴ ለኔ ስሞት ብዪ ስትል ነው ያሳደገችኝ» አልኩ። «ጠዋት ስሞት፣ ማታ ስሞት። አልሞተችም። እኔም በላሁ። ሌላ ምንም የለውም፣ ክብርት ዳኛ። እሺ ያልኩትም ልጄን ውሰዱ ብዬ አይደለም፤ እየሰማሁ ነበር። አሁን ግን ሰምቼ ጨርሻለሁ። እሺ አልልም።»

አቶ ፍቃዱ ተረጎመ። ዳኛዋ በአፍ ብቻ ልወስን አልችልም አለች፤ ግን ወሩንም አልሰጥም አለች። ባለ መነጽሯን፣ ዛሬ፣ በዚሁ አስተርጓሚ፣ እናትየዋን ቁጭ ብለሽ አነጋግሪያት፤ ከምሳ በኋላ ተመለሱ ብላ ተነሣች።

«ከምሳ በኋላም ያው ነው» አሉ እትዬ ኮሪደሩ ላይ። «ቃሉን አልጠራችውም እንጂ ያው ቀጠሮ ነው።» አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ልጅቷ ሳትመጣ እህል አልቀምስም አሉ።

ትንሽ ቆይቶ እጃቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። ስኳራቸው! ያን ጊዜ ፍርድ ቤቱም ዳኛዋም ጠፉብኝ። ከቀዩ ጃኬት ኪስ ጭብጦዋን አወጣሁ፣ ላስቲኩን ቀደድኩ፣ ቆርሼ ወደ አፋቸው።

«እትዬ፣ ይቺን ይጉረሱ።»

«አልበላም አልኩሽ።»

«ስሞት!»

«አልበላም!»

«እኔ ልሙት፣ እትዬ! አፈር ስሆን! ስሞት ይቺን ብቻ!»

አፋቸውን ከፈቱ። ሁለተኛዋን ጉርሻ ስደግም ከኋላዬ ጫማ ቆመ። ዞር ስል ባለ መነጽሯ ናት፤ በእጇ የቡና ኩባያ ይዛለች። ፊቷን አልረሳውም።

«ስ… ሞት?» አለች። ከልጄ ሰምታ በጆሮዋ የያዘቻት ቃል ናት። ወደ አቶ ፍቃዱ ዞረች፤ ምን አለቻቸው ብላ ጠየቀችው።

«ብሉ አለቻቸው።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ብሉ ነው ያለቻቸው።»

«እሞታለሁ አላለችም?»

አቶ ፍቃዱ ለኛ ነገረን። እትዬ ጭብጦዋን በጉንጫቸው እንደያዙ «እሷ አይደለችም የምትሞተው፣ እኔ ነኝ! ጠኔ ሊደፋኝ ነው፤ ይልቅ ድገሚኝ በላት!» አሉ። እኔ ሳላስበው ሳቅኩ፤ ከሳቄ ጋር እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ባለ መነጽሯ ኩባያዋን መሬት ላይ አስቀምጣ አጠገባችን ተቀመጠች። ጠየቀችኝ። ልጅሽ ምን ትወዳለች፣ ምን አትወድም፣ እምቢ ስትል ምን ታደርጊያለሽ። ሰው ሰውን እንደሚጠይቅ። እኔም መለስኩ፤ አንድም እሺ አልወጣኝም። ስንጨርስ እትዬ የቀረችውን የዳቦ ቁራሽ ዘረጉላት።

«እንቺ፣ ስሞት።»

ሴትዮዋ ቁራሿን አየች፣ እትዬን አየች። በላች።

ከምሳ በኋላ ስንገባ ያ ጠበቃ ስለ ወሩ አላነሣም። ባለ መነጽሯ ራሷ ተናገረች። ልጅቷ ዛሬውኑ ወደ ቤቷ ትመለስ፤ ለተወሰነ ጊዜ ሰው እየመጣ ይጎበኛቸዋል ተባለ። ዳኛዋ ልትጽፍ እስክሪብቶዋን ስታነሣ ቀና ብላ በአቶ ፍቃዱ በኩል እትዬን «አሁን መቀጠል እችላለሁ ወይ?» አለቻቸው።

«ቀጥይ» አሏት።

ይቅርታ ያለኝ ሰው የለም። ይህንን የምጽፈው በሕግ አምኜ አይደለም። የሕግ ሰዎች በዚያች አንዲት ቃል ልጄን ከቤቷ ወስደዋታል፤ እትዬ ባይቆሙ ኖሮ አንዱ ወር ሁለት፣ ሁለቱ አራት ይሆን ነበር። ስንቷ እናት ናት እትዬ አሰገደች የሌሏት? ከፍርድ ቤቱ በር ስንወጣ እትዬ ዞረው ሕንፃውን ከታች እስከ ላይ አዩት። መዳፋቸውን ዘረጉ። «እፍ!»

«አሁንም?» አልኳቸው። «ፈረዱልን እኮ!»

«ማን ነው የፈረደልሽ? ጭብጦዋ ናት የፈረደችልሽ።»

«በሕግ አምላክ ያሉት ታዲያ እርስዎ አይደሉ?»

«እና? ሕጉን ጠራሁ? አምላኩን ነው የጠራሁት። የሱ ነገር ሌላ ነው።»

አሮጌ ኮሮላዬን አስነሥቼ፣ እትዬን አጠገቤ አስቀምጬ፣ ቱኤ በሚሉት አውራ ጎዳና ወደ ኦኮቶክስ ነዳሁ። ናርዶስ በሩ ላይ ሮዝ ጃኬቷን ቆልፋ ቆማ ነበር። ስንመለስ ከኋላ ወንበር ሆና «ማሚ፣ አር ዩ ጎና ዳይ?» አለች።

 እትዬ ናቸው ዞረው የመለሱላት።

«እናትሽ? እናትሽ አንቺ ከተወለድሽ ጀምሮ ስሞት ስትል ነው የኖረችው። እያት፤ ምን ሆነች?»

ናርዶስ በመስተዋቱ አየችኝ። «ናትንግ» አለች።

«በቃ፣ ናትንግ።»

ቤት ገባን። በሩን ቆለፍኩ፤ ደግሜ ቆለፍኩ። ከቀዩ ጃኬት የመጨረሻዋ ጭብጦ ወጣች፤ ሻይ አፈላሁ። እኔ አልበላሁም፤ ልጄን ብቻ ነው የማየው። ናርዶስ ዳቦዋን ቆረሰች። መጀመሪያ በሩን አየች፣ ቀጥላ እትዬን አየች። እትዬ በአገጫቸው አበረታቷት። እጇን እስከ አፌ ዘረጋች።

«ማሚ፣ ስሞት ብዪ።»

በላሁ። ልጄ ቤቷ ናት። ተርፈናል።